መርፌው አዲስ መሆኑ ብቻ አይበቃም፦ ጎንደር ላይ ታቱ ለመነቀስ ላሰባችሁ

ንቅሳት ለጎንደር እንግዳ አይደለም። የአያቶቻችን አንገት ላይ እንደ ድሪ የተደረደረው መስመር፣ ግንባራቸው ላይ ያለው መስቀል፣ ጠቁሮ ጥርስን ነጭ የሚያስመስለው ድድ፣ ሁሉም በመርፌ ወይም በእሾህ ጫፍና በጥላሸት የተሠራ ነው። ነቃሿ የኩራዝ ጥላሸት ሰብስባ በቅጠል ጭማቂ ትለውሰዋለች፤ ከዚያ ቆዳውን ጠቅ ጠቅ እያደረገች ታስገባዋለች። ልጃገረዶች ተርታ ተቀምጠው በአንድ መርፌ፣ ከአንድ ስኒ መነቀሳቸው የተለመደ ነበር። ዛሬ እሾሁን ማሽን፣ ጥላሸቱን ከውጭ የመጣ ቀለም ተክቶታል። የተለወጠው ፍጥነቱና የሥዕሉ ጥራት ነው። ከአንዱ ሰው ደም ወደ ሌላው ሰው ደም የሚያደርሰው መንገድ ግን ሆን ተብሎ ካልተዘጋ ያው የድሮው ነው።

መነቀስ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር ለቤተሰብና ለንስሐ አባት ይቆይ። እዚህ የምናየው፣ ሊነቀስ የቆረጠ ሰው በሽታ ይዞ እንዳይመለስ ምን ማየት፣ ምን መጠየቅ፣ መቼስ ከወንበሩ ተነስቶ መሄድ እንዳለበት ነው።

ቀለሙ የት ነው የሚቀመጠው?

የላይኛው ቆዳ በየአራት ሳምንቱ ገደማ እየተላጠ ይታደሳል። ቀለም እዚያ ላይ ቢቀር በወር ውስጥ ረግፎ ይጠፋ ነበር። ስለዚህ መርፌው ከሥሩ ያለውን፣ የደም ሥርና ነርቭ ያለበትን ቆዳ መድረስ አለበት፤ ጥልቀቱ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ነው። ማሽኑ መርፌውን በደቂቃ ከሺህ ጊዜ በላይ ያመላልሰዋል፤ እያንዳንዱ ምት አንድ ትንሽ ቁስል ነው። ሰውነት ቀለሙን እንደ ባዕድ ነገር ስለሚያየው ተከላካይ ሕዋሳት ይውጡታል፤ ሊፈጩት ግን ስለማይችሉ ይዘውት ይቀመጣሉ። ታቱ ዕድሜ ልክ የሚቆየው በዚህ ነው።

በሥራው መሀል እንደ ላብ ጠብ ጠብ የሚል ጥቂት ደም ያለ ነገር ነው። ደሙ እየፈሰሰ ቀለሙን የሚያጥበው ከሆነ ግን የሠሪው እጅ ከብዷል፤ መርፌው ከሚገባው በላይ ወርዷል። ያኔ መስመሩ ከቆዳው ሥር ይፈስና ወረቀት ላይ እንደ ተደፋ ቀለም ይደበዝዛል፤ ጠባሳም ይተዋል። ጠይም ቆዳ ላይ ቀለሙ ደምቆ እንዲወጣ ብሎ እየደጋገሙ መጫን የተለመደ ስሕተት ነው። ቀለሙን የሚያደበዝዘው ከላይ ያለው የራሳችን ቆዳ ቀለም ስለሆነ፣ መርፌውን ማጥለቅ ምንም አይጨምርም። ለእኛ ቆዳ የሚያዋጣው ጥቁር ቀለም፣ ወፈር ያለ መስመርና ሰፋ ያለ ክፍተት ነው።

ደሙ ምን ይዞ ይሄዳል?

አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው ስለ ኤችአይቪ ነው። መጠየቁ ልክ ነው፤ በመርፌ ነገር ግን ይበልጥ ሊያስፈራ የሚገባው ጉበትን የሚያጠቃው ሄፓታይተስ ቢ ነው። መርፌ ከወጋቸው የሕክምና ባለሙያዎች የተገኘው ስሌት እንዲህ ይላል፦ መርፌው ላይ የነበረው ደም የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ካለበትና የተወጋው ሰው ካልተከተበ፣ ከ100 ሰው ከ6 እስከ 30 የሚሆነው ይያዛል። በሄፓታይተስ ሲ ቢበዛ ከ100 ሁለት፣ በኤችአይቪ ከ1,000 ሦስት ገደማ ነው። የታቱ መርፌ እንደ ሲሪንጅ ውስጡ ክፍት ስላልሆነ የሚይዘው ደም ያንሳል፤ ነገር ግን የሚወጋው አንዴ ሳይሆን በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ነው።

የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ለዓይን በማይታይ የደረቀ ጠብታ ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን ሳይሞት ይቆያል። ባለፈው ሳምንት የተነቀሰ ሰው የነካው ጠርሙስ ዛሬም አደገኛ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ቫይረሱ ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ ቢጫ አይሆንም፣ አያመውምም። «የወፍ በሽታ ይዞኝ አያውቅም» ማለት «ቫይረሱ የለብኝም» ማለት አይደለም፤ ነቃሹም ሆነ ከእናንተ በፊት ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ደህና መምሰሉ ምንም አይነግራችሁም።

ደግነቱ ለዚህ በሽታ ክትባት አለው። ኢትዮጵያ የሄፓታይተስ ቢን ክትባት በሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ የጨመረችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለዳችሁ፣ ማለትም ዛሬ ታቱ ከሚነቀሱት ብዙዎቹ፣ በሕፃንነታችሁ አልወሰዳችሁትም። አዋቂ ሰው ሦስት ጊዜ ይወጋል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አንድ ወር በኋላ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር ላይ። ለጥምቀት ታቱ ያማረው ሰው በግንቦት ቢጀምር ሁለተኛውን ሰኔ፣ ሦስተኛውን ኅዳር ላይ ይጨርሳል። ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ግን የደም ምርመራ አድርጉ፤ ቫይረሱ ቀድሞ ካለ ክትባቱ አይጠቅምም፤ የሚያስፈልገው የሐኪም ክትትል ነው። መንጋጋ ቆልፍ ለተባለው ቴታነስ ደግሞ የመጨረሻውን ክትባት ከወሰዳችሁ 10 ዓመት ካለፈ እግረ መንገዳችሁን ተከተቡ።

ደሙን በዓይናችሁ ተከተሉት

«መርፌ ትቀይራለህ ወይ?» ብሎ ጠይቆ «አዎ» ሲባል መርካት በቂ አይደለም። መርፌ መቀየር ዛሬ ብዙዎች ያደርጉታል። ሰው የማያየው ደሙ በሌላ በኩል የሚሄድባቸውን መንገዶች ነው።

አንድ ሠሪ ሲሠራ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ሁለት መስመር ይስባል፤ ደምና ቀለሙን በሶፍት ይጠርጋል። በዚያው ጓንት መርጫ ጠርሙሱን ያነሳና ቆዳው ላይ ይረጫል። መብራቱን ጎተት ያደርጋል። ስልኩ ይጠራል፤ በትንሿ ጣቱ ይዘጋዋል። ከቫዝሊን ዕቃው በጣቱ ጨለፍ አድርጎ ይቀባል። መርፌውን ቀለሙ ውስጥ ነክሮ ይቀጥላል። አሁን የእናንተ ደም ጠርሙሱ፣ መብራቱ፣ ስልኩና ቫዝሊኑ ላይ ነው። ቀጣዩ ደንበኛ ሲመጣ አዲስ ጓንትና አዲስ መርፌ ይወጣል፤ በአዲሱ ጓንት የሚነካው ግን ያንኑ ጠርሙስ፣ የሚጨልፈውም ከዚያው ቫዝሊን ነው። ከእናንተ በፊት ከነበረው ሰው ወደ እናንተም የሚመጣው በዚሁ መልክ ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። መርጫ ጠርሙሱ፣ የማሽኑ ሽቦ፣ የመብራቱ እጀታና የወንበሩ መደገፊያ በቀጭን ላስቲክ ይጠቀለላሉ፤ ላስቲኩ ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ ይጣላል። ቫዝሊኑ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በንጹሕ እንጨት ተጨልፎ የተሸፈነው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ሲያልቅ በሌላ እንጨት ይጨመራል፣ ጣት ወደ ዕቃው አይገባም። ስልክ የነካ ጓንት ወዲያው ይቀየራል። ፀጉር የሚላጨው ከእሽጉ በወጣ ምላጭ ነው። ሥዕሉን ከወረቀት ወደ ቆዳ ለማስተላለፍ አንዳንዶች ጠጣር ዲኦድራንት ቆዳው ላይ ያሹበታል፤ የተላጨ ቆዳ በዓይን የማይታይ ጭረት ስላለው ያ ዲኦድራንት ከሰው ሰው ሊሻገር አይገባም። በሶፍት ላይ አስነክቶ መቀባት ይቻላል።

ቀለሙን በተለይ ልብ በሉ። ከትልቁ ጠርሙስ ወደ ትንሽ የላስቲክ ስኒ ይቀዳና መርፌው እዚያ ውስጥ ይነከራል። ደም የነካው መርፌ ስለሚመላለስበት በስኒው ያለው ቀለም ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ የእናንተ ደም አለበት። ሥራው ሲያልቅ የተረፈው ከነስኒው መጣል አለበት። ቀለም ውድ ነው ተብሎ ወደ ጠርሙሱ ከተመለሰ፣ ከዚያ በኋላ ከጠርሙሱ የሚቀዳለት ሁሉ የእናንተን ደም ይጋራል። ድሮ ልጃገረዶቹ በአንድ ስኒ ሲነቀሱ የነበረው አደጋ ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ መርፌው አዲስ ቢሆንም እንኳ።

ሌላ የተደበቀ መንገድ አለ። አሁን የተለመደው ካርትሪጅ የሚባለው ተገጥሞ የሚነቀል መርፌ ነው። ጥሩው ዓይነት ውስጡ ስስ የላስቲክ መጋረጃ አለው፤ ቀለምና ደም ወደ ማሽኑ ሽቅብ እንዳይመለስ ይገድባል። ርካሹ ዓይነት ይህ መጋረጃ የለውም። ካርትሪጁ ቢቀየርም ደሙ ማሽኑ ውስጥ ይቀርና ለቀጣዩ ሰው ይወርዳል። «መጋረጃ ያለው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ጥያቄውን ወዲያው ይረዳዋል።

«ቀቅዬዋለሁ» ሲባል

መርፌና ካርትሪጅ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ጊዜ ነው፤ ተቀቅሎ፣ ታጥቦ፣ ታሽቶ አይደገምም። ማምከን የሚያስፈልገው መርፌው የሚገጠምበትን የብረት መያዣ ለሚጠቀም ነው፤ እዚህ ላይ ጎንደር የራሷ ጣጣ አላት። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። የፈላ ውሃ ቆላ ላይም ቢሆን የቴታነስን ዓይነት ጠንካራ የባክቴሪያ ዘር አይገድልም፤ እዚህ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው።

ትክክለኛው ማምከኛ አውቶክሌቭ ነው፤ በእንፋሎት ግፊት 121 ዲግሪ ደርሶ ቢያንስ 15 ደቂቃ፣ የታሸገ ዕቃ ከሆነ 30 ደቂቃ መቆየት አለበት። አንዳንዶች በፕሬዠር ድስት እንተካዋለን ይላሉ። በባሕር ወለል ላይ 121 ዲግሪ ለመድረስ 15 ፒኤስአይ ግፊት ይበቃል፤ ጎንደር ላይ ግን ወደ 18 መውጣት አለበት። 15 ላይ የተገደበ ድስት እዚህ 117 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቆማል፤ ቢያፏጭም አላመከነም።

የወንዶች ፀጉር ቤት ውስጥ የምናያት ሐምራዊ መብራት ያላት ሣጥንም አታመክንም። ብርሃኑ የሚነካው ፊት ለፊት ያለውን ገጽ ብቻ ነው፤ ጥላ ያረፈበት፣ ደም የሸፈነው ቦታ አይነካም። በክብሪት መለብለብ መርፌው ላይ ጥላሸት ይጨምራል እንጂ አያስተማምንም። አልኮል ቆዳ ለማጽዳት ነው፤ 70 በመቶ የሆነው ከጠንካራው ይሻላል፣ ውስጡ ያለው ውሃ እንዲሠርጽ ስለሚረዳው።

ለጠረጴዛና ለወንበር በረኪና በቂ ነው። 5 በመቶ የሆነው የቤት በረኪና አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ ይበጠበጣል፤ ለምሳሌ 1 ብርጭቆ በረኪና ለ9 ብርጭቆ ውሃ። መጀመሪያ ደሙ ይጠረጋል፤ ከዚያ ብጥብጡ 10 ደቂቃ ይቆይበታል። ውሎ ያደረ ብጥብጥ ኃይሉ ስለሚቀንስ በየቀኑ አዲስ ይሠራል። ቆዳ ላይ አይደረግም።

ወንበሩ ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት

ፒያሳም ይሁን አዘዞ፣ ሱቅም ይሁን የጓደኛ ቤት፣ መጀመሪያ እጅ መታጠቢያውን ፈልጉ። ውሃ በጠፋበት ቀን ቧንቧ ያለው ባልዲና ሳሙና መኖር አለበት፤ ያለበለዚያ በሌላ ቀን ተመለሱ። ቀጥሎ ያገለገለው መርፌ የት እንደሚገባ እዩ። ጤና ጣቢያ የምናያት ሴፍቲ ቦክስ ወይም ሌላ ጠንካራ፣ የማይበሳ ዕቃ ካለ ሠሪው ስለ ሰው ያስባል። መርፌ በፌስታል ከሶፍት ጋር የሚጣል ከሆነ ግን ጥንቃቄው ሌላም ቦታ አይኖርም።

ከዚያ በትሕትና፣ ግን በግልጽ ተናገሩ፦ «ወንድሜ፣ ፓኬቱን እኔ እያየሁ ክፈትልኝ።» በሥራው የሚኮራ ሠሪ «እንዲያውም ቀኑን አንቺው አንብቢው» ይላል። «አታምኚኝም እንዴ?» የሚል ካጋጠማችሁ ጥያቄያችሁ አልተመለሰም። ፓኬቱ ላይ ሦስት ነገር እዩ፦ የመጠቀሚያው ጊዜ ያላለፈ መሆኑን፣ ወረቀቱ ያልተቀደደና ያልረጠበ መሆኑን፣ መመከኑን የምታሳየው ትንሽ ምልክት ቀለሟ እሽጉ ላይ እንደተጻፈው መለወጧን። ከእሽጉ ወጥቶ የጠበቃችሁን መርፌ «ገና አሁን ነው የከፈትኩት» ቢባል እንኳ አትቀበሉ።

በባዶ ሆድ አትሂዱ፤ መርፌ ሲጀምር ራስን መሳት ብዙ ጊዜ ከረሃብና ከፍርሃት ነው። ጠላም አረቄም ከ24 ሰዓት በፊት ይቁም፤ ደም ያቀጥናል፣ ሐሳብም ያስለውጣል። ሰክሮ ለመጣ ሰው የሚሠራ ባለሙያ እምነት አይጣልበትም። ማደንዘዣ ክሬም ከተፈለገ ሊዶኬይን ከ4 በመቶ ያልበለጠ፣ ቦታውም ጠባብ ይሁን። በሰፊው ተቀብቶ በላስቲክ ሲታሸግ መድኃኒቱ ወደ ደም ይገባና የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል።

ስለ ቀለሙ ደግሞ

ቀለሙን በውሃ ማቅጠን ትንሽ ነገር ይመስላል። በ2011 መጨረሻና በ2012 መጀመሪያ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ በአሜሪካ ሮቸስተር ከተማ 19 ሰዎች ታቱ የተነቀሱበት ቦታ ሽፍታና እባጭ ወጣባቸው። ሠሪው ንጹሕ ነበር። ችግሩ የተገኘው ከፋብሪካ ቀጥኖ በመጣው ግራጫ ቀለም ውስጥ ነው፤ ውሃ ውስጥ የሚኖር፣ ከሳንባ ነቀርሳ ጋር የሚዛመድ ባክቴሪያ ገብቶበት ነበር። ፋብሪካ ውስጥ ይህ ከሆነ የቧንቧ ውሃማ ምን ይባላል? የታሸገ የመጠጥ ውሃም ለመጠጥ እንጂ ከቆዳ ሥር ለመግባት አልተዘጋጀም። ማቅጠን ግድ ከሆነ ከፋርማሲ የሚገዛ፣ ያልተከፈተ የሕክምና ጨው ውሃ ነው የሚሆነው።

ጠርሙሱ ላይ የአምራቹ ስም፣ የምርት መለያ ቁጥርና የመጠቀሚያ ጊዜ ከሌለ ይቅርባችሁ። የአውሮፓ ኅብረት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በታቱ ቀለም ውስጥ ከ4,000 በላይ ኬሚካሎችን ያገደ ወይም በመጠን የገደበ በመሆኑ፣ ያንን ደንብ ያሟላ የሚል ጽሑፍ ያለበት ጠርሙስ ይመረጣል። አለርጂ በብዛት የሚያመጣው ቀይ ቀለም ነው፤ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ቀዩ ቦታ ብቻ ያብጣል፣ ያሳክካል።

ማን ይቆይ?

በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ የሚወጉ ሰዎች፣ ማለትም ከቶንሲል ተነስቶ ልብን የሚጎዳው የሩማቲክ በሽታ ያለባቸው፣ ከሁሉም በላይ መጠንቀቅ ያለባቸው እነሱ ናቸው። በመርፌ የገባ ባክቴሪያ የተጎዳ የልብ ቫልቭ ላይ ቢያርፍ ሕይወት ያሰጋል። ይህ በሽታ አገራችን ውስጥ ወጣቱን የሚይዝ፣ ታቱ የሚወደውም ወጣቱ ስለሆነ ነገሩን አጥብቀን እንናገራለን፦ ሐኪማችሁ ሳይፈቅድ አትነቀሱ።

እርጉዝና የምታጠባ እናት ትቆይ። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ ስኳሩ ያልተስተካከለ፣ ቆዳው ላይ ቁስል ወይም ችፌ ያለበትም እንዲሁ። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ቆዳውም ሐሳቡም ገና ይለወጣል።

ጠባሳቸው ከቁስሉ አልፎ እየገፋ የሚወጣ፣ ኬሎይድ የሚባለው ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ራሳቸውን ማወቅ ይችላሉ። የተበሳ ጆሯችሁን ዳብሱት፤ ክንዳችሁ ላይ ያለውን የክትባት ጠባሳ፣ የድሮ የቁስል ቦታ እዩ። ጎርበጥ ብሎ ያደገ ካለ፣ በተለይ ደረት፣ ትከሻና መንጋጋ ላይ አትነቀሱ።

ከነቃሽ እማማ ዘንድ የምትሄዱ

አንገትን በባህሉ መሠረት መነቀስ የሚፈልጉ ወጣት ሴቶች ዛሬም አሉ። አሮጊቷን ማስቀየም አያስፈልግም። ከፋርማሲ የታሸገ መርፌ ለእያንዳንዷ ልጅ ለየብቻ ገዝታችሁ «እማማ፣ መርፌውን እኔው ይዤ መጥቻለሁ፤ በዚህ ይንቀሱኝ» ማለት ነው። ጓንትም ይዛችሁ ሂዱ። ጥላሸት ከቃጠሎ የሚወጡ ጎጂ ነገሮች ስላሉት፣ ቅጠሉም አፈርና ባክቴሪያ ስለሚይዝ፣ አምራቹ የታወቀ፣ የታሸገ ጥቁር ቀለም ቢሆን ይሻላል፤ ለእያንዳንዷም በየራሷ ስኒ። ምራቅ የሚባል ነገር በፍጹም አይግባበት።

ድድ መነቀስን ግን አንመክርም። አፍ ባክቴሪያ የሞላበት ቦታ ነው፤ የጠቆረ ድድ ደግሞ በኋላ ቢያብጥና ቢቀላ ለጥርስ ሐኪም አይታይም፤ ድድን ያጠነክራል የሚባለውም እምነት መሠረት የለውም። ድግስ ደርሶ ለጥቂት ቀን ማጌጥ ለፈለገች እንሶስላ አለላት። «ጥቁር ሂና» የሚባለው ግን ብዙ ጊዜ የፀጉር ቀለም የተቀላቀለበት ነው፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ ውሃ ያስቋጥራል፣ ዕድሜ ልክ ከፀጉር ቀለም ጋር የሚያጣላ አለርጂም ይተዋል። የእውነተኛ ሂና መልክ ቡናማ ቀይ ነው፤ ከሰል የሚመስል ጥቁር ከሆነ አትቀቡ።

ሦስቱ ሳምንታት

ሠሪው በሸፈነው ላስቲክ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ቆዩና እጃችሁን ታጥባችሁ አውልቁት። ለብ ባለ ንጹሕ ውሃና ሽታ በሌለው ሳሙና በመዳፍ ብቻ እጠቡ፤ በፎጣ ሳይሆን በንጹሕ ሶፍት እየጫኑ አድርቁ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ለቀናት በጀሪካን የቆመ ውሃ ለአዲስ ቁስል አይሆንም፤ አፍልታችሁ አብርዱና ለብቻው በተከደነ ዕቃ አስቀምጡ። በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ ሽታ የሌለው ቅባት በጣም ስስ ሆኖ ይቀባል፤ ቆዳው ካብለጨለጨ በዝቷል።

ቁስል ላይ የምናደርገውን ሁሉ እዚህ አታድርጉ። የቡና ዱቄት፣ ፌጦ፣ ማር፣ የጥርስ ሳሙና፣ አመድ፣ ሁሉም ባክቴሪያ ያስገባሉ ወይም ቀለሙን ያበላሻሉ። ቅቤ የባሰ ነው። አንገቷን የተነቀሰች ሴት ፀጉሯን ቅቤ ከተቀባች ፀሐይ ሲመታው እየቀለጠ ቁስሉ ላይ ስለሚወርድ ሦስት ሳምንት ትቆይ። ነጠላና ሻሽም እንዳይፈትገው ላላ ይበል።

በአራተኛው ቀን ገደማ ስስ ቅርፊት ይነሳና ያሳክካል። አታክኩት፣ አትላጡት፤ ቅርፊቱ ሲነቀል ቀለሙን ይዞ ይሄዳል። ሲያስቸግር በንጹሕ መዳፍ መታ መታ ማድረግ ይበቃል። ላይኛው ቆዳ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይድናል፤ የታችኛው ወራት ይወስዳል። የደጋ ፀሐይ በርቶ ስለሚያቃጥል እስኪድን ልብስ ይሸፍነው፤ ከዳነ በኋላ የፀሐይ መከላከያ ክሬም።

አሁን ጥምቀት። በዓሉ ሲቃረብ ታቱ የሚነቀሰው ሰው ይበዛል፤ ጥር 11 ጠዋት ደግሞ ውሃው ከተባረከ በኋላ ፋሲለደስ መዋኛ የሚዘለው ወጣት ብዙ ነው። በሺዎች የሚቆጠር ሰው የገባበት ውሃ ውስጥ ያልዳነ ቁስል መንከር በሽታን መጋበዝ ነው፤ ጠበል ገብቶ መጠመቅም፣ ወንዝ መዋኘትም እንደዚያው። እዘላለሁ ያለ ሰው ታቱውን ቢዘገይ በታኅሣሥ መጀመሪያ ሳምንት ይጨርስ። በታኅሣሥ አጋማሽና ከዚያ ወዲህ የተነቀሰ ከሆነ ዳር ቆሞ መረጨት ይብቃው፤ ቁስሉን በልብስ ሸፍኖ።

ሲበላሽ እንዴት ይታወቃል?

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ማበጥ፣ መሞቅና ማቃጠል ያለ ነው። ከሁለተኛው ቀን በኋላ እየቀነሰ መሄድ አለበት። እየጨመረ ከሄደ ችግር አለ። የሕክምና መጻሕፍት «መቅላት» የሚሉት ጠይም ቆዳ ላይ ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል፤ ጠቆር፣ ወፈር፣ ጠንከር ይላል። ስለዚህ በእጅ ጀርባ ዳብሱት፤ ከታቱው ወሰን ወጥቶ የሚሞቅ ከሆነ ዙሪያውን በእስኪርቢቶ አስምሩና ከሰዓታት በኋላ መስመሩን ተሻግሮ እንደሆነ እዩ። መግል፣ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ በብብት ወይም በብሽሽት የሚያም ንፍፊት፣ ከቁስሉ ተነስቶ ወደ ላይ የሚሄድ ጭረት ከታየ ያን ዕለት ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ፊትና ምላስ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ደቂቃም አትቆዩ።

አሞክሳሲሊን ከፋርማሲ ገዝቶ በራስ መሞከር ነገሩን ያባብሳል። በተለይ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ ታቱው ላይ የሚወጡ ትናንሽ እባጮች የዚያ የውሃ ባክቴሪያ ሥራ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ የተለመደው አንቲባዮቲክ አይነካቸውም፤ ናሙና ተወስዶ ነው መድኃኒቱ የሚታወቀው። ለሐኪሙ መቼ፣ በምን ቀለም እንደተነቀሳችሁ ሳታፍሩ ንገሩ።

ሥዕሉን ጠልታችሁት ከሆነ አሲድና የሚያቃጥል ክሬም ታቱን በጠባሳ ይተካል እንጂ አያጠፋውም። ሌዘር አለ፤ በሳምንታት ልዩነት ብዙ ጊዜ መመላለስ ይጠይቃል። ለጠይም ቆዳ የሚመረጠው 1,064 ናኖ ሜትር የሚባለው ነው፤ ሌላው ዓይነት ቆዳውን ራሱን ነጭ ሊያደርገው ይችላል።

የተጋራ መርፌ ወይም ቀለም ነክቶኛል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ

ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ እጠቡ፤ አትጭመቁት፣ በረኪና አታድርጉበት። ከዚያ ሳታድሩ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም የሚቀርባችሁ ጤና ተቋም ሄዳችሁ የሆነውን ተናገሩ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ሐኪሙ ያስፈልጋል ካለ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በየቀኑ ለ28 ቀን ይወሰዳል፤ ከ72 ሰዓት በኋላ ግን አይጠቅምም። ላልተከተበ ሰው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በመጀመሪያው 24 ሰዓት ቢሰጥ ይመረጣል። ለሄፓታይተስ ሲ ቀድሞ የሚሰጥ መከላከያ የለም፤ ቢያዙ ግን የሚያድን ክኒን አለ።

የዚያን ዕለት የሚደረገው ምርመራ የሚያሳየው ከዚህ በፊት የነበረውን ብቻ ነው። ስለዚህ ኤችአይቪ በ3ኛው ወር፣ ሄፓታይተስ ቢና ሲ በ3ኛውና በ6ኛው ወር እንደገና ይመረመራል። እስከዚያ ኮንዶም መጠቀም፣ ምላጭና የጥርስ ብሩሽ አለመዋዋስ ያስፈልጋል። ደም ለመለገስ ስትሄዱም ታቱ የተነቀሳችሁበትን ቀን ለነርሷ ንገሯት፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከንቅሳት በኋላ 12 ወር እንዲቆይ ይላል።